ለዕረፍት ወዴት እንሂድ?

ዕረፍት ማለት ከሥራ መለየት ብቻ አይደለም። ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በአልጋው ላይ ቢጋደም ሰውነቱ ያርፍ ይሆናል እንጂ መንፈሱ አይታደስም፤ ልጆችም ትምህርት ቤታቸው ሲዘጋ በቤት ውስጥ ሆነው ስልክና ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ቢሰነብቱ፥ ዕረፍቱ ባለቀ ጊዜ ለጓደኞቻቸው የሚያወሩት ነገር አይኖራቸውም። ስለዚህ የዕረፍት ወራት በቀረቡ ቁጥር አባ ወራና እማ ወራ ተቀምጠው የሚጠያየቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ወዴት እንሂድ?» የሚለው ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ እንደየቤቱ አቅም ይለያያል። አንዱ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፤ ሌላው በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ውሎ ይመለሳል፤ ገንዘብ የተረፈውም ወደ ዱባይ ይበርራል። ይህን ሁሉ የምነቅፍ አይደለሁም፤ ውኃ ዳር ተቀምጦ ንጹሕ አየር መቀበል መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በዚህች ጽሑፍ ለአንባብያን ላሳስብ የምወደው ሌላ ዓይነት ጉዞ አለ። እርሱም ሩቅ ነው እያልን ከዓመት ወደ ዓመት ወደምናሸጋግረው፥ ልጆቻችን ስሙን ብቻ ወደሚያውቁት፥ አያቶቻቸው ግን ወደሚኖሩበት አገር የሚደረገው ጉዞ ነው። ለእኔ ቤት ይህ አገር ወሎ ነው፤ በወሎም ውስጥ በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ውርጌሳ ናት።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ይህ ጉዳይ በቤታችን ማዕድ ላይ ተነሣ። ለዕረፍት ብለን ያጠራቀምናት ገንዘብ ለአንድ ጉዞ እንጂ ለሁለት የምትበቃ አልነበረችም። ባለቤቴ ልጆቹን የሚዋኙበት ሐይቅ ዳር ብንወስዳቸው ይሻላል የሚል አሳብ ነበራት፤ እኔም ወደ እናቴ ቤት እንሂድ አልሁ። ያን ጊዜ 15 ዓመት የሞላት ታላቋ ልጃችን ቀና ብላ፥ «አባዬ፥ ውርጌሳ ግን ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የንቀት አልነበረም፤ ከልብ የመነጨ ነበር። እርስዋ ከሰው የሰማቻት ውርጌሳ፥ ወደ ላሊበላ የሚጓዙ የተሳላሚዎች አውቶቡሶች አንዳንድ ጊዜ ለሻይ የሚቆሙባት፥ ብዙ ጊዜም ሳይቆሙ የሚያልፏት የመንገድ ዳር ከተማ ናት።

ከዚህም በቀር በልባችን ያደረ ሌላ ነገር ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ የጦርነት ሜዳ በሆነ ጊዜ፥ ስልክ ተቋርጦ፥ መንገድ ተዘግቶ፥ የእናቴን መኖርና አለመኖር ሳናውቅ ወራት አልፈዋል። ስልኩ ተከፍቶ ድምፅዋ በተሰማ ጊዜ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል፥ «አብሽሩ፥ አለሁ» የሚል ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መንገዱ ረጋ። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏት ነበር፤ አምስት ዓመት የሞላትን ታናሿን ልጃችንን ግን በዓይንዋ አላየቻትም። ይህ በተነሣ ጊዜ ባለቤቴ ጥቂት ዝም ብላ፥ «ሐይቁ የትም አይሄድም፤ እናትህ ይቅደሙ» አለችኝ። ነገሩም በዚሁ ተቈረጠ።

ታኅሣሥ 22 ቀን ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣን። አንባቢ ሆይ፥ ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው። በደብረ ብርሃን የደጋው ብርድ ልብስ ያስደርባል። ከዚያ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ጣርማ በር ይደረሳል፤ በጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ተራራውን በስተው የሠሩት ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ እዚያ አለ። ከዋሻው ወጥቶ ቍልቍል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ፥ ጧት የተደረበው ልብስ ሁሉ ከቀትር በፊት ይወልቃል። በከሚሴ ገበያ ኦሮምኛ ይሰማል፤ በስተ ምሥራቅ ባለው ቈላ አፋሮች ግመሎቻቸውን ይነዳሉ፤ በኰረብቶቹም ላይ አርጎባዎች ይኖራሉ። የ12 ዓመቱ ልጃችን በመኪናው መስኮት ሆኖ፥ «አባዬ፥ ዛሬ ስንት አገር አለፍን?» አለኝ። አንድ አገር እንደ ሆነ ስነግረው በመገረም ሣቀ።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን በደሴ አደርን። በማግሥቱ ጧት ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሐይቅ ከተማ ደረስን። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ አለ ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን ማወቅና ማየት ይለያያሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ የመሠረቱት ትምህርት ቤት የብዙ ገዳማት አባቶችን አፍርቷል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በነገሥታቱ አደባባይ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ ባለቤቴና ሴቶች ልጆቼ በሐይቁ ዳር ቈዩ፤ እኔና ወንዱ ልጄ ገብተን ተሳለምን። ልጁ ከዚያ ወጥቶ ያየውን ለእኅቱ ሲነግር፥ ስለ ብራና መጻሕፍቱና ስለ ጸጥታው የተናገረው እኔ ልነግራት ከምችለው ይበልጥ ነበር።

ከሐይቅ ወደ ውርጌሳ ሲሄዱ ውጫሌ በመንገድ ላይ ናት። ልጆቻችን «የውጫሌ ውል» የሚለውን በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ ፈተናም ይፈተኑበታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ በዚህ ስፍራ እንደ ተፈረመ፥ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣልያንኛ ቃል መለያየትም ወደ ዐድዋ ጦርነት እንዳደረሰ መጽሐፉ ይነግራቸዋል። ታላቋ ልጄ ከመኪናው ወርዳ፥ ነጋዴው እህሉን የሚሰፍርበትን፥ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበትን ተራ ቀበሌ ተመልክታ፥ «ይኸ ነው?» አለች። ይኸው ነው! የታሪክ ስፍራ ሁሉ ሐውልትና አጥር የለውም፤ ብዙው ሰው እህል እየሸጠ የሚኖርበት መንደር ነው። ይህን ያየ ልጅ መጽሐፉን ሲያነብ በዓይነ ኅሊናው የሚያስቀምጠው ሥዕል ይኖረዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርጌሳ ገባን። ከተማዋ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ከውጫሌ ቀጥሎ ከመርሳ በፊት የምትገኝ ስትሆን፥ በስተ ምዕራብ የአምባሰል ተራሮች ይታዩዋታል፤ በስተ ምሥራቅ አገሩ ወደ ቈላ ይወርዳል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፥ ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአንቺ ሆዬና ከአምባሰል ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች እንደ ሆነ ልጆቹ ያወቁት እዚያ ተራራውን እያዩ ነው። በዚሁ በአምባሰል ወገን የመስቀል ቅርጽ ባላት አምባ ላይ ግሸን ማርያም አለች። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ በዚያ እንዳረፈ አባቶች ያስተምራሉ፤ መስከረም 21 ቀን ለሚሄድ ሰው ከአገሩ ሁሉ የሚመጣውን ተሳላሚ ማየት ብቻ እንኳ ከድካሙ የሚበልጥ ዋጋ አለው።

እናቴ በደጃፍዋ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አጠገብዋ የቆሙት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው እስላም ጎረቤታችን ናቸው። በጦርነቱ ወራት ወፍጮ ቆሞ፥ ገበያም ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ያላቸውን ማሽላ ከእናቴ ጋር ተካፍለው የበሉ፥ ሌሊት ሌሊትም ብቻዋን እንዳትሆን ከቤታቸው ያሳደሯት እኒህ ሴት ናቸው። ወራቱ ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ በእናቴ ቤት የቀረበልን ሽሮና የምስር ወጥ ነበር፤ ጎረቤታችንም ከቤታቸው የተጋገረ ትኩስ ዳቦ ይዘው ገብተው፥ «የጾም ነው፤ በዘይት ነው የጋገርሁት፥ ብሉ በሞቴ» አሉን። የእኛን ጾም ከእኛ ይልቅ ተጠንቅቀው የጠበቁልን መሰለኝ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናትና ይህን ስታይ ዓይንዋ እንባ አቀረረ።

በውርጌሳ በተቀመጥንባቸው ቀናት ልጆቹ የዋሉት አውድማ ላይ ነው። ታኅሣሥ ማሽላና ጤፍ የሚወቃበት ወር ነው፤ በሬዎቹ ሲያበራዩ፥ ገበሬው እህሉን በመንሽ ለነፋስ ሲሰጥ፥ ፍሬው ከገለባው ሲለይ አዩ። በየማሳው መካከል የቆሙትን ማማዎች፥ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁባቸውን፥ ወንዱ ልጄ አንድ በአንድ ወጥቶባቸዋል። በጥቅምት ለሚሄድ ሰው ደግሞ እሸትና ጥንቅሽ ይደርስለታል። ከውርጌሳ ወደ መርሳ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ በመርሳ ዙሪያና በግራና ሸለቆ የመስኖ እርሻ አለ። ከዚያም አልፎ በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል አለ፤ ድርቅ ለሚያሰጋው ቈላ የሚሆኑ የማሽላ ዘሮችን የሚያወጣ ሲሆን፥ ከነዚህም አንዱ በዚሁ ሸለቆ ስም «ግራና 1» ተብሎ ተሰይሟል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎ ያየችውን ለሚያስታውስ ሰው፥ ይህ ነገር ከብዙ ሐውልት ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

ስለ 1977 ዓ.ም. ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን ከወሎ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ ለሠፈራ ተወስዷል። እኛ በሄድንበት ወራት ደግሞ በዚሁ በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በመካከላቸውም የእነዚያ የሠፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙ ነበር። ባለቤቴ ለልጆቹ ከገዛችው የዕረፍት ልብስ ግማሹን ሳይለበስ ለእነርሱ እንዲደርስ አደረገች፤ ይህንም ያሳሰባት ታላቋ ልጃችን ናት። ጉዞ ሁሉ ደስታ ብቻ እንዲሆን መጠበቅ አይገባም፤ አገርን ማወቅ ሐዘኑንም ማወቅ ነውና።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልናገረው ወደ ፈለግሁት ነገር ልምጣ። ከማታዎቹ በአንዱ ቡና ተፈልቶ ሳለ እናቴ ታላቋን ልጄን አጠገብዋ አስቀምጣ፥ «ሰባት ቤትሽን ታውቂያለሽ?» አለቻት። ልጂቱ ከአያትዋ አልፋ መቍጠር አልቻለችም። ለኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ ሰባት ቤት መቍጠር ጨዋታ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ልጆቻችን ለጋብቻ በደረሱ ጊዜ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚጠበቀው በዚህ ነው። እናቴ በአባቴም በራስዋም ወገን እያንዳንዱን ስም፥ ማን ከየት እንደ መጣ፥ ማን ማንን እንዳገባ፥ የት እንደ ተቀበረ እየቈጠረች ነገረቻት፤ ልጄም በደብተርዋ ጻፈችው። ከስሞቹ መካከል የእስላም ስሞች ይገኙ ነበር። ልጄ ቀና ብላ ስታያት እናቴ ሣቀችና፥ «ወሎ አይደለሽም እንዴ ልጄ! ይኸ ሁሉ የኛው ነው» አለቻት። እኔ ራሴ ከዚያ ማታ በፊት ከአምስተኛው ትውልድ ወዲያ ያለውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 27 ቀን እናቴን ለሁለት ቀን ተሰናብተን ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ሄድን። ከወልዲያ መንገዱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ድልብ ይወጣል፤ ዳገቱን የጨረሰ ሰው ወደ ኋላው ቢመለከት የራያን ቈላ ከበታቹ ተዘርግቶ ያየዋል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ከአንድ አለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራሉ፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት ላይና በታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያዜሙ የሰማ ልጅ፥ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ አይረሳውም። የአገሩ ሰዎች ከሩቅ በእግር የመጡትን ተሳላሚዎች እግራቸውን ያጥባሉ። ሆቴል ስላልተገኘ እኛ በአንድ ደግ ሰው ግቢ በድንኳን አደርን። ጊዜ ያለው ሰው አንድ ቀን ጨምሮ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በኖራ ድርድር የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ቢያይ፥ የላስታን ጥበብ ከመሠረቱ ያውቃል።

ጾሙ ተፈትቶ ወደ ውርጌሳ በተመለስን ጊዜ ጎረቤታችን በግቢያችን አንድ በግ አስረውልን አገኘን። በግዋን ከነሕይወትዋ የሰጡን፥ በክርስቲያን እጅ እንድትታረድና ያለ ሐሳብ እንድንበላት ነው። እናቴም በበኩልዋ ለእርሳቸው ቤት ቡናና ስኳር አዘጋጅታ ጠበቀች። ልጆቹ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው፥ የሚበሉትና የማይበሉት ነገር የተለያየባቸው ሁለት ቤቶች እንዴት አድርገው አንድ በዓል እንደሚያከብሩ አዩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው እንደዚህ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ እንደ ገና አስቸጋሪ ሆነ። እናቴ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዐረፈች። እኔ ከቀብሩ አልደረስሁም፤ በአርባዋ ግን ከብዙ ችግር በኋላ ለመገኘት ችያለሁ። በእናቴ ራስ ውስጥ የነበረው የትውልዱ ቍጥር ዛሬ በአንዲት የተማሪ ደብተር ውስጥ ይገኛል፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ታናሿ ልጄም ስለ አያትዋ ስትጠየቅ፥ «ጉልበትዋ ላይ ተኝቻለሁ» ትላለች። ያን ዓመት ለሚመጣው እናድርገው ብለን ብንቀመጥ ኖሮ፥ የሚመጣው ዓመት ባልተሰጠንም ነበር።

እንግዲህ ይህን አንብቦ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስብ ቤተ ሰብ፥ ከራሴ ያየሁትን ጥቂት ምክር ልስጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መንገዱ ሰላም ይጠይቅ። ከወሬ ይልቅ በስፍራው የሚኖሩ ዘመዶችንና በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ ይሻላል፤ ካልተመቸ ጉዞውን ማቆየት ፈሪነት አይደለም። ሌሊት መጓዝ ግን በምንም ምክንያት አይገባም። መንገዱ ወደ ወልዲያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ልጆች የያዘ ሰው በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ማደር ይኖርበታል፤ ሐይቅን፥ ውርጌሳንና ላሊበላን ጨምሮ ለማየት ከአሥር ቀን ያላነሰ ጊዜ ያስፈልጋል።

ልብስ ሲዘጋጅ ለደጋውም ለቈላውም ይታሰብ፤ ለሁሉም ነጠላ አይረሳ። በጾም ወራት የሚሄድ ሰው ስለ ምግብ አይስጋ፤ በመንገዱ ሁሉ የጾም ወጥ ይገኛል። በፍስክ ጊዜ የሚሄድ የሐይቅን ዓሣ ይቅመስ። ወደ ገዳም ሲገባ ጧፍና ዕጣን፥ ወደ ዘመድ ቤት ሲገባ ቡናና ስኳር ይዞ መግባት ያስከብራል። እናቶችና ሴቶች ልጆች ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንደማይገቡ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በደጅ ሲደርሱ ቢሰሙት ያዝናሉና።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተርና እርሳስ ይገዛለት። ፎቶግራፍ መልክን ያስቀራል፤ ስምን፥ ትውልድን፥ ምርቃትን ግን አያስቀርም። ልጁ አያቱን ይጠይቅ፤ የሰማውን ይጻፍ። አያት የሌለው የመንደሩን ሽማግሌ ይጠይቅ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሁሉ አያት ነው።

የምትሄዱበት አገር ወሎ ላይሆን ይችላል፤ ጎጃም፥ ጋሞ፥ ሐረር፥ ወይም ወለጋ ይሆን ይሆናል። በስሙ ብቻ የምታውቁት፥ ሰው ግን የሚጠብቃችሁ አንድ ስፍራ ካለ፥ ዘንድሮ ገንዘባችሁን ስታሰሉ በመጀመሪያው መሥመር ጻፉት። መንገዱን ሁሉ እግዚአብሔር ሰላም ያድርግልን፤ ለመሄድ ያሰባችሁትንም በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሳችሁ።